የጎንደር ዘመን ባላገር ምን ይለብስ እንደነበር ለማጥናት

በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር ዙሪያ ያረሰው ባላገር ምን ይለብስ እንደነበር የሚመረምር ሰው ልብሱን ራሱን አገኛለሁ ብሎ ባይነሣ ይሻላል። መኳንንቱ ለአድባራት የሰጡት ካባ በዕቃ ቤት ሲጠበቅ፣ የገበሬው ሸማና ደበሎ ግን እስኪበጣጠስ ተለብሶ አልቋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ቄሰ ገበዙን አስፈቅደው ሲገቡ በዋናዎቹ ቅዱሳን ላይ ሳይቆዩ ወደ ሥዕሉ ጠርዝ ይመልከቱ፤ በልደት ሥዕል ላይ የሚታዩትን እረኞች፣ ከጌቶቻቸው ኋላ የቆሙትን አገልጋዮች ይፈልጉ። ልብሱ ከጉልበት በላይ ይሁን በታች፣ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደተጣለ፣ መቀነት መኖሩን፣ እግሩ ባዶ መሆኑን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይመዝግቡ።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1590 እና በ1591 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመውና አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ጣሊያናዊ ሥዕሎቹን የነደፈለት ወንጌል ኢትዮጵያ ደርሶ ለጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አብነት ስለሆነ፣ የደምቢያ እረኛ የመሰለዎት ሰው የሮም ልብስ ለብሶ ሊሆን ይችላል። የወንጌሉን ምስሎች ከኢንተርኔት አውርደው ከሥዕሉ ጎን ያስተያዩ። በእኔ ዳኝነት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሠዓሊው ከአብነቱ ወጥቶ የለወጠው ልብስ ነው፤ የለወጠው በዙሪያው ያየውን ይዞ ሊሆን ይችላልና።

ፍለጋው በጎንደር አይወሰንም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ብዙ የብራና መጻሕፍት ለንደን፣ በ1932 ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱት ሥዕሎች ደግሞ ፓሪስ ይገኛሉ።

በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴና በ1770 የመጣው ጀምስ ብሩስ የጻፉትም ይነበብ። ሆኖም ሁለቱም ለቤተ መንግሥቱ የቀረቡ እንግዶች ነበሩ፤ ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመውም በ1790 ስለሆነ፣ በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየት ያሻል።

በመጨረሻ ሸማኔዎችን ይጠይቁ። ጎንደርን ያለበሷት የቤተ እስራኤልና የሙስሊም ሸማኔዎች ነበሩ። የእጅ ሸማ ስፋት መወርወሪያውን ከሚያቀብሉት እጆች ርዝመት ስለማያልፍ፣ ሰፊ ልብስ የሚገኘው ቁራጮችን ጎን ለጎን በመስፋት ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ቁራጭ ስፋት ለክተው በሥዕሉ ካለው ልብስ ጋር ያመዛዝኑ። ዛሬ በፋብሪካ ድር ተሠርቶ የባህል ልብስ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ለዚህ ልኬት አይጠቀሙበት፤ በእንዝርት ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ አሮጌ ጋቢ ያላቸው እናቶች ካሉ እነርሱን ያስፈቅዱ።