አዲስ ሚኒ ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለ? ጎንደር ላይ በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

ክረምት ላይ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ከደምቢያ ወደምሠራበት ጥገና ቤት መጡ። ሚኒ የምንለውን ትንሽ ላፕቶፕ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል፣ ከፌስታሉ ላይ ደግሞ በነጠላ ጠቅልለውታል። ካርቶኑን እንኳ አልጣሉትም፤ ልጅቷ በብብቷ ይዛዋለች። «ልጄ፣ አዲስ ነው ብለውን ነው የገዛነው። አምስት ወር አልሞላውም። ምን ነክቶት ነው የሚንቀራፈፈው?» አሉኝ። ልጅቷ ማራኪ ግቢ አካውንቲንግ ትማራለች። ብሩ የሽምብራ ብር ነው።

ከፍቼ አየሁት። ምንም አልነካውም። ሲገዛም እንዲሁ ነበር። ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን እሠራው ነበር።

በዚያው ብር ያገለገለ፣ ግን ጠንካራና ቀላል የሆነ ላፕቶፕ ፒያሳ አካባቢ ይገኝ ነበር። ያገለገለ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ያገለገለ ገዝቶ የከሰረም ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ሰው የሚሳሳትበትን በተራ ልንገራችሁ።

«አዲስ» ሲባል «ዘመናዊ» ብሎ መረዳት

ይህን ዓይነት ትንሽ ላፕቶፕ ዓለም ላይ ያስተዋወቀው አሱስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢ ፒሲ የምትባል ባለ 7 ኢንች ማሽን አወጣ። ኔትቡክ ተባሉ። ርካሽ፣ ቀላል፣ ኢንተርኔት ለማየት የምትበቃ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ስሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋ፣ ማሽኑ ግን አልጠፋም። እኛ ዛሬ «ሚኒ» የምንለው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል)፣ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዝ ማህደረ ትውስታ)፣ 64 ጊጋ ማከማቻ ይዞ ይመጣል።

አሁን ሁለት ፕሮሰሰር እናወዳድር። በሚኒዎች ውስጥ ደጋግሜ የማገኘው ሴሌሮን ኤን 4020 ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሲሆን ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የማስሊያ ክፍል አለው። ባገለገሉት ውስጥ የሚገኘው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ ደግሞ የወጣው በ2017 ነው። አራት ኮር አለው፤ በአንድ ጊዜ ስምንት ሥራ ይይዛል። በዕድሜ የሚበልጠው በጉልበትም በብዙ ይበልጣል። አንዱ የተሠራው ዋጋና መብራት ለመቆጠብ ነው። ሌላው የተሠራው ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ነው።

የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ማሽኖች ውጭ አገር ከየቢሮው በጅምላ ይወጣሉ። ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ ይቀይሯቸዋል፣ እነሱም ዞረው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። «ያገለገለ» ስል እነዚህን ነው እንጂ ማንም ቤቱ ሲገለገልበት የቆየውን ርካሽ ላፕቶፕ አይደለም። እሱን ተዉት።

ማከማቻውን ሳይጠይቁ መግዛት

የልጅቷ ችግር እዚህ ላይ ነበር። ካርቶኑ 64 ጊጋ ይላል። ዊንዶውስ ሲቆጥረው 60 እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ራሱ ከ25 እስከ 30 ጊጋ ይይዛል። ኦፊስ ተጫነ፣ ፒችትሪ የሚባለው በዊንዶውስ የሚሠራ የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም ተጫነ፣ የመምህራን ስላይድ ገባ። ቴሌግራም ደግሞ የተከፈተለትን ቪዲዮና ፋይል ሁሉ ዝም ብሎ ያጠራቅማል፤ የእሷ ቴሌግራም ብቻውን 11 ጊጋ ይዞ አገኘሁት። በዚህ መሃል ዊንዶውስ አፕዴት ልሥራ ይላል። ቦታ ያጣል። መንገድ ላይ ይቆማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሲለፋ ይውላል። ልጅቷ አሳይመንት ስትጽፍ ፊደሉ ዘግይቶ እየመጣ ስታክ ያደርግባት ነበር።

የማከማቻው ዓይነትም አለ። የሚኒዎቹ ኢኤምኤምሲ ይባላል። ርካሽ ስልኮች ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው፤ ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተበይዷል፣ አይነቀልም። በሰከንድ ቢበዛ 400 ሜጋባይት ነው የተባለለት። ኤስኤስዲ ከሚባለው ተነቃይ ማከማቻ ተራው፣ ሳታ የሚባለው፣ 550 ገደማ ይደርሳል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ አይደለም። ኤስኤስዲ ሲሞላም ሲያረጅም ነቅላችሁ ሌላ ትከታላችሁ።

«ፋይሌን ክላውድ ላይ አደርገዋለሁ» የሚለኝ ተማሪ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋለሁ ማለቱ ነው። ጎንደር ላይ ሞባይል ኔት የጠፋባቸውን ወራት አንርሳ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እጃችሁ ላይ ይሁን።

«ኮር አይ ፋይቭ ነው» ሲባል ዝም ማለት

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንተኛ ጄኔሬሽን?»፣ ማለትም ስንተኛ ትውልድ፣ መሆን አለበት። ኮር አይ ፋይቭ ከአሥር ዓመት በላይ ሲወጣ የኖረ ስም ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 5300ዩ ከሆነ 5ኛ ነው። 8350ዩ ከሆነ 8ኛ። 10210ዩ ከሆነ 10ኛ። ተለጣፊውን ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ከፍታችሁ እዩ፤ ተለጣፊ ከየትም ይለጠፋል።

8ኛ ላይ መስመር አስምሩ። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ወገን በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ሻጮች 6ኛ ላይም ጭነው ያሳዩዋችኋል። ይጫናል፣ ግን የዊንዶውሱ ፍተሻ ታልፎ ነው፤ ነገ አፕዴት እምቢ ቢል ማንም አይጠየቅበትም። ዋጋው በጣም ከወረደ 7ኛ ገዝቶ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መጫን ያስኬዳል። ፒችትሪ ለሚማር ግን ይሄ መንገድ አይሆንም።

ባትሪውን በሻጩ ቃል መቀበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መብራት በሚሄድበት ከተማ ባትሪ ማለት ግማሹ ላፕቶፕ ነው።

«አራት ሰዓት ይቆያል» ይሏችኋል። ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ በሉት። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ማየት ነው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሻጭ ያውቃታል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሌላው ዛሬ ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 60,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 33,000 ቢሆን 55 በመቶ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ከ70 በመቶ በታች ያለውን ባትሪው እንደሌለ ቆጥሬ ነው የምደራደረው። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ እላለሁ።

ሪፖርቱ ብቻውን አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ብራይትነሱን ከፍ አድርጉ፣ ቪዲዮ ክፈቱና ቡና ጠጡ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ100 ወደ 60 የሚወርድ ባትሪ ብዙ አይወስዳችሁም። ከ40 በመቶ ላይ ድንገት ድርግም የሚል ደግሞ ሴሉ ሞቷል።

ከዚያ ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ካወዛወዘ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ አደገኛ ነው፤ በርካሽም ቢሆን አትውሰዱት።

አንድ የምወደው ነገር ልንገራችሁ። እንደ ቲንክፓድ ኤክስ 270 እና ቲ 480 ያሉት ሁለት ባትሪ አላቸው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ተነቅሎ ይወጣል። ማሽኑ እንደበራ የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ የተሞላ ትከታላችሁ። መብራት ሲሄድ ይህን የሚያህል ነገር የለም።

በባትሪ ነገር ግን አዲሱን ሚኒ ላመስግነው። ፕሮሰሰሩ የተሠራው ለ6 ዋት ነው፣ የቢሮዎቹ ለ15። ባትሪውም ገና አልተነካም። ሻማ አብርቶ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባዮስ ሳይከፍቱ ብር መቁጠር

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔ የለውምና። ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ነው። ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ የድርጅቱን ቁልፍ ይዞ ይወጣል። ስትገዙት ይሠራል። ከወር በኋላ ፎርማት ስታደርጉት ፓስወርድ ይጠይቃል። የባዮስ ፓስወርድ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፎርማት አይነካውም።

ሲበራ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ተጫኑ። ያለ ፓስወርድ መግባትና መቀየር ካስቻላችሁ ጥሩ። ከጠየቃችሁ ዕቃውን መልሱ። ሻጩ «ነገ አስፈታዋለሁ» ቢል ነገ ይፍታውና ነገ ግዙ።

ሁለተኛው ቁልፍ በኢንተርኔት የሚመጣ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ኔት ሲያገኝ የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ይልና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ማሽኑ አሁንም በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል ማለት ነው። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭኑት። ከዚያ ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ አገናኙትና እዩ። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሻጩ ሊሰለች ይችላል፣ ይሰልች።

ራሙን ያለ ጥያቄ ማለፍ

4 ጊጋ ዛሬ አይበቃም። ክሮም አምስት ገጽ ከፍቶ ከወርድ ጋር ሲደመር ያልቃል። 8 ጊጋ ይሁን። እንደ ኤስፒኤስኤስ ወይም አውቶካድ ባሉ ከባድ ፕሮግራሞች ለሚሠራ 16 ይሻላል። «በኋላ እጨምራለሁ» ካላችሁ ደግሞ መጨመሪያ ቦታ እንዳለው ጠይቁ። አብዛኛው ሚኒ ላይ ራሙ ተበይዷል። ካገለገሉትም ቲንክፓድ ኤክስ 280 እንደዚያው ነው። ላቲቲውድ 7490 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ግን ሁለት ሁለት ማስገቢያ አላቸው።

ቴሌግራም ላይ አይቶ ከአዲስ አበባ ማስላክ

ፎቶው ያምራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ከላይ ያልኳችሁን አንዱንም በፎቶ ማየት አይቻልም። አዲስ አበባ የምታምኑት ዘመድ ካለ ሄዶ ይፈትሽ፤ ከሌለ እዚሁ አራዳ ወይም ማራኪ ትንሽ ጨምራችሁ፣ ፊት ለፊት የምትጨቃጨቁትን ሰው ያዙ። የመሞከሪያ ቀን በደረሰኙ ላይ በእጁ ይጻፍላችሁ።

ስክሪንና ኪቦርድን አላወራሁም፣ እነሱን ማንም ያያል። ነጭ ገጽ ክፈቱና ቦግ ያለ ወይም የጠቆረ ቦታ ፈልጉ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። አለቀ።

ያገለገለ ሁሌ ይሻላል ብሎ መደምደም

አይሻልም። ፈትሾ የሚገዛላችሁ ሰው ከሌለ፣ ሥራችሁም ወርድ ላይ መጻፍና ፒዲኤፍ ማንበብ ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ሚኒ ይበቃችኋል፤ ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ያለውን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን 100 አራት ኮር አለው፣ ከኤን 4020 ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው ከሩቅ አንድ ይመስላሉና ቁጥሩን አንብቡ።

አንዴ ከተገዛ በኋላ ተስፋ መቁረጥ

ወደ ደምቢያዋ ልጅ ልመለስ። የማሽኑን ታች ፈታሁት። ከባትሪው አጠገብ አንድ ባዶ ማስገቢያ አለ። ለኤስኤስዲ የተዘጋጀ ነው፣ አንድ ብሎን ብቻ ተቀምጦበታል። ሁሉም ሚኒ ላይ አይኖርም፤ የእሷ ላይ ግን ነበረ። የገዙበት ሱቅ አልነገራቸውም። 256 ጊጋ ከተትንና ዊንዶውሱን ወደዚያ አዞርነው። የቴሌግራሙንም ክምችት አጠፋን፣ ራሱን በየሳምንቱ እንዲያጸዳ አደረግነው።

ራሙ ያው 4 ነው፣ እሱን ማንም አይቀይረውም። «አንዱን ሳትዘጊ ሌላ አትክፈቺ» አልኳት። እናትየው የተረፉትን ብሎኖች ቆጥረው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯቸው። እኔ እንደሚጣሉ ነገርኳቸው። «ለማንኛውም ይኑር» አሉኝ። ፒችትሪው አሁን ይከፍታል።