ከራስ ጥያቄ የሚነሳ ጥናት፦ ከአማካሪ ጋር እንዴት ይሠራል?

ደሴ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ብርዱ አላስወጣ ባለበት ጠዋት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። ይህን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ከዚህ ጥያቄ አወጣች። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ሲዘንብ አክስቴ ጋም ይዘንባል እንዴ?» አለችኝ። አክስቷ ኮምቦልቻ ናቸው። መልሱን አላውቀውም ነበር። «ለምን ራስሽ አታጠኚውም?» አልኳት።

ብዙ ጊዜ ፕሮጀክት ሲባል መምህር የሰጠውን ርእስ ከስልክ ላይ ገልብጦ፣ ሽፋኑን አሳምሮ ማስረከብ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄውንም እቅዱንም ተማሪው ራሱ ያወጣል። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ ይከታተለዋል።

ሥራው የሚጀምረው ጥያቄውን ከማጥበብ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። «የአየር ንብረት ለውጥ» ርእስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥሩ ጥያቄ መልሱን አስቀድማችሁ የማታውቁት ነው። ደግሞም ራሳችሁ አይታችሁ፣ ለክታችሁ ወይም ሰው ጠይቃችሁ የምትደርሱበት መሆን አለበት። ባላችሁ ጊዜና ገንዘብ ማለቁንም አስቡ። የልጅቷን ጥያቄ ለማጥበብ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብናል። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ደሴ ሆጤ እኛ ግቢና ኮምቦልቻ አክስቴ ግቢ በየቀኑ ስንት ሚሊ ሜትር ይዘንባል? ሁለቱም ጋ በአንድ ቀን የሚዘንበውስ ስንት ጊዜ ነው?»

ወቅቱን የመረጠችው እሷ ናት። ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ በበልግ የሚዘራ ገበሬ ብዙ ነው። በልጉ ሲቀር ቤቱ ይጎድላል። አያቷ ገበሬ ስለሆኑ ይህን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች።

የእናንተ ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል። የሰኞ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እንዴት ይለዋወጣል? አያታችሁ ሲያገቡ ምን ተዘፈነ፣ ዛሬስ ምን ይዘፈናል? አምባሰልና ባቲ ቅኝት በጆሮ እንዴት ይለያሉ? ሁሉም ይሆናል።

አሁን አማካሪ ፈልጉ። አማካሪ የግድ መምህር መሆን የለበትም። ስለ ቅኝት ለሚያጠና ልጅ ጥሩ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ይበልጥበታል። ስለ ዝናብ ከሆነ ኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሊያማክር ይችላል። ስትጠይቁ «እርዱኝ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ጥያቄዬ ይህ ነው፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ ለ10 ሳምንት» በሉ። ልኩን ያወቀ ሰው እሺ ለማለት አይቸገርም።

ወላጅ ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ። የምትገናኙበት ቦታም ሰው የሚያየው ይሁን፤ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ወይም የቤታችሁ በረንዳ ይበቃል። በዚህ ላይ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ለአማካሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ ስለ ቦርከና ወንዝ ሊያጠና መጣ። ጥያቄውን እኔ አስተካከልኩለት። የመጠይቁን ወረቀት እኔ ጻፍኩለት። ማንን እንደሚያናግርም እኔ ነገርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቀረ። መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቀው «የእርስዎ ሥራ ስለሆነ ነው» አለኝ። እስካሁን ያመኛል። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶውን ከተማሪው እጅ አልወስድም። ልጁ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዝምታው ከባድ ነው፤ ግን ልጁ የሚያስበው ያኔ ነው።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ጥያቄው፣ ምን እንደምትለኩ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በመጨረሻ ምን እንደምታሳዩ፣ ከአማካሪው ጋር የምትገናኙበት ቀን ይግባበት። ሁለታችሁም ፈርሙበት። የሚጀመርበትን ጊዜ ስትመርጡ የፈተናን ሰሞን ዝለሉት። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ ያለው ጊዜ ደህና ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ ግን ለክረምት ብታቆዩት ይሻላል።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። የልጅቷ የዝናብ መለኪያ የተሠራው ከባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለውን መርጣ፣ አንገቱን ከትከሻው በታች በምላጭ ቆረጠችው። የተቆረጠውን አንገት ክዳኑን አውልቃ፣ ገልብጣ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ከተተችው። ይህ ውሃው በፀሐይ ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። የሃይላንድ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ ከታች ጠጠር አድርጋ፣ ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ውሃ ሞላችበት። ማስመሪያ በስኮች ስትለጥፍ ዜሮውን እዚያ የውሃው ልክ ላይ አደረገችው። ያለዚህ ልኬቱ ሁሉ ይሳሳታል።

መለኪያው ከግድግዳና ከዛፍ ይራቅ። ግድግዳው ሦስት ሜትር ከሆነ ቢያንስ ስድስት ሜትር ፈቀቅ ይበል። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩበት፤ የኛን በሁለተኛው ቀን በግ ገለበጠው። ንባቡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። እሷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ታነባለች። አክስቷም በዚያው ሰዓት አንብበው ይደውላሉ። ካነበባችሁ በኋላ ውሃውን ወደ ዜሮ መልሱት።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ቀን 12 ሚሊ ሜትር አነበበች። የቤታቸው ቆርቆሮ 50 ካሬ ሜትር ነው። አባዝታው 600 ሊትር መጣ፣ 30 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። እናቷን ጠርታ ደብተሩን አሳየቻቸው። በማግስቱ አባቷ አሸንዳ ሊገዙ ወጡ።

ደብተር ላይ በጣም ጥብቅ ሁኑ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ልኬት፣ ያያችሁትን ነገር ጻፉ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት፤ ገጹንም አትቅደዱ። በአምስተኛው ሳምንት አክስቷ ለቅሶ ሄደው አራት ቀን ሳይነበብ ቀረ። ልጅቷ ደነገጠች። «ዜሮ ልሙላው?» አለችኝ። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ቆይታ «ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው፤ እኛ ግን አላየንም» አለች። «አብሽሪ፣ በቃ ሰረዝ አድርጊበት» አልኳት። ለኔ ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ቀን ያ ነው።

የሳምንቱ ግንኙነት አጭር ይሁን። ተማሪው ደብተሩን ይከፍታል፣ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳስቸገረው ይናገራል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሥራ ለራሱ ይሰጣል። አማካሪው ያንን ይጽፍና በሚቀጥለው ሳምንት ይጠይቃል። እቅዱ መቀየር ካለበት ይቀየር፤ ለምን እንደተቀየረ ብቻ ይጻፍ።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን ለሰው አሳዩ። ሠንጠረዡን በትልቅ ወረቀት ሥሩት። አሥር ደቂቃ ተናገሩ፣ አሥር ደቂቃ ጥያቄ ተቀበሉ። ታዳሚው ነገሩ የሚመለከተው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ልጅቷ አያቷን ጠርታ ነበር። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት እንዳለ ተናግራ፣ አንዱ ጋ ዘንቦ ሌላው ጋ ያልዘነበባቸውን ቀኖች በቀይ አሳየች። የሁለት ግቢ የአንድ በልግ ልኬት ስለ ሁለቱ ከተሞች ሁሉ እንደማይናገርም አልደበቀችም። አያቷ ሰምተው ሲያበቁ «እኛ ዘንድ ደጋውስ?» አሏት።

እሷም ደብተሯን ከፍታ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፈችው። ለሚቀጥለው በልግ ሦስተኛ ሃይላንድ ተዘጋጅቷል፤ የሚያነቡት አያቷ ናቸው።