የትዳር አጋራችሁ አገር ሄዳችሁ ስትኖሩ፦ ኑሮውን እንዴት መልመድ ይቻላል?

ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጭ የሚሄድ ሰውና የትዳር አጋሩ አገር ሄዶ የሚኖር ሰው አንድ አይደሉም። ተማሪው አብረውት ከመጡት ጋር እኩል እንግዳ ነው። እናንተ ግን የምትገቡት አጋራችሁ ባደገበት ሰፈር፣ በእናቱ ቋንቋ፣ በዘመዶቹ መሃል ነው። አንድ ጣራ ሥር ሆናችሁ አንዱ ሁሉን ያውቃል፣ ሌላው ምንም አያውቅም።

እኔም አልፌበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ሁሉን ያደርግልኝ ነበር፤ ባንኩን፣ ስልኩን፣ ደብዳቤውን፣ ቀጠሮውን። ፍቅር ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ ፍቅርም ነበር። ከወራት በኋላ ግን ታምሜ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የእኔን ሕመም እሱን ጠየቀችው፤ እሱም መለሰላት። አንዴም ወደ እኔ ዞር አላለችም። በዚያ አገር የራሴ ድምፅ እንደሌለኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ወደ አንድ ነገር ይሄዳሉ። አጋራችሁ የትዳር አጋር ሆኖ ይቆይ፤ አስተርጓሚ፣ ሹፌርና ጉዳይ አስፈጻሚ አይሁን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ወረቀታችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ

የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ከነውጤቱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የክትባትና የሕክምና መረጃ፣ መንጃ ፈቃድ። እነዚህን ከሩቅ ሆኖ ማስወጣት ውክልና መላክና ዘመድ ማስቸገር ይጠይቃል። ስማችሁና የልደት ቀናችሁ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አንዲት ፊደል ተሳስታ ወራት የምታስጠብቅበት ጊዜ አለ።

ሰነዱ እዚያ ተቀባይነት እንዲያገኝ መረጋገጥ አለበት። በ1961 የወጣው የሄግ ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ከሁለቱ አገሮች አንዱ አባል ካልሆነ ግን ብዙውን ጊዜ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ በኩል ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ከማስተርጎማችሁ በፊትም ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የማንን ትርጉም እንደሚቀበል ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ። ዋናውን ሰነድ ከእጃችሁ በማትለዩት ቦርሳ ያዙ፣ ቅጂውን ደግሞ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

ስለ መኖሪያ ፈቃዱም ቀድማችሁ እወቁ። መሥራት ይፈቅዳል? መቼ ይታደሳል? ትዳሩ ቢፈርስ ወይም አጋራችሁ ቢሞት ፈቃዱ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ደስ አይልም፤ ግን ጠይቁት። ማግባት ብቻውን ዜጋ ያደርጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው አገር የኖራችሁበትን ዓመት ይቆጥራል፤ ቋንቋም የሚፈትን አለ።

2. ሳትሄዱ ተነጋገሩ

ሦስት ነገር ነው። ገንዘብ፦ ሥራ እስክታገኙ የእጃችሁን ወጪ ማን፣ እንዴት ይሸፍናል? በየጊዜው እየለመናችሁ መሆን የለበትም። መኖሪያ፦ ለብቻችሁ ነው ወይስ ከቤተሰቡ ጋር? ከቤተሰብ ጋር ከሆነ እስከ መቼ? ሦስተኛው ጊዜ ነው። አንድ ቀን ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከደረሳችሁ ዓመት ሲሞላ። ያን ቀን ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ «ይህ ኑሮ ለሁለታችንም ሆኗል?» ትባባላላችሁ። ቀኑ መኖሩ ብቻውን ያረጋጋል፤ በየሳምንቱ «እንመለስ» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

3. በስማችሁ የሆነ ነገር ይኑራችሁ

በብዙ አገር ጉዳዮቹ ተያይዘዋል። አድራሻ ሳይመዘገብ መታወቂያ የለም፣ መታወቂያ ከሌለ ባንክ የለም። ቅደም ተከተሉን ቀድማችሁ ጠይቁና ወረፋውን ያዙ። የባንክ ሒሳብና የስልክ መስመር በራሳችሁ ስም ክፈቱ። የጋራ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ የግሉን ግን አይተካም። አገራችሁ ላይ ለዓመታት ያካበታችሁት የብድር ታማኝነት አብሯችሁ አይሻገርም፤ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ስለዚህ ቶሎ ጀምሩ።

መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግላችሁ አጣሩ። ዓለም አቀፍ የሚባለው ፈቃድ የራሳችሁ ፈቃድ ትርጉም ነው፤ ብቻውን አይሠራም። ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማስቀየር ወይም እንደገና መፈተን የሚያስገድዱ አገሮች ብዙ ናቸው።

ፓስፖርታችሁ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። «ለደህንነቱ እኔ ልያዝልሽ» ቢባልም እንቢ በሉ። ፓስፖርት መያዝ፣ ገንዘብ መከልከል፣ ወደ ዘመድ እንዳትደውሉ ማድረግ የመልመድ ችግር አይደለም። በደል ነው። የፖሊስንና ለተበደሉ ሰዎች ድጋፍ የሚሰጥ ተቋም ስልክ ገና ሳያስፈልጋችሁ ያዙ።

4. በየቀኑ አንድ ጉዳይ ብቻችሁን

ትንሽ ነገር ይበቃል። ዛሬ ዳቦ ግዙ። ነገ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ እስከ መጨረሻው ሄዳችሁ ተመለሱ። ከነገ ወዲያ ፖስታ ቤት። አጋራችሁ «እኔ ልሂድልሽ» ወይም «እኔ ልሂድልህ» ይላል፤ በጎ ልብ ነው። ግን እግራችሁ መንገዱን የሚያውቀው ራሳችሁ ስትሄዱበት ብቻ ነው። ብትጠፉ ምን ይሆናል? ትንሽ ትዘገያላችሁ፣ ከዚያ ትደርሳላችሁ።

የሚያደናቅፉት ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አጋራችሁ ከልጅነቱ ስለሚያውቃቸው ሊነግራችሁ አይታሰበውም። ቀን ሲጻፍ የሚቀድመው ቀኑ ነው ወይስ ወሩ? አንዴ ቀጠሮዬ 05/06 ይላል። በስድስተኛው ወር በ5ኛው ቀን ሄድኩ። እነሱ ያሉት ግን የአምስተኛውን ወር 6ኛ ቀን ነበር። አንድ ወር አልፎብኝ አዲስ ቀጠሮ ስጠብቅ ከረምኩ። ቁጥርም እንዲሁ ነው። 1.500 አንዱ አገር አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ ሌላው አገር አንድ ተኩል። «አንደኛ ፎቅ» አንዱ ዘንድ ከመንገድ የሚገባበት ነው፤ ሌላው ዘንድ ከዚያ በላይ ያለው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ጎረቤት እንደማይረበሽ፣ ለማን «አንቱ» ለማን «አንተ» እንደሚባል፤ እነዚህን በማስታወሻ ደብተር ያዙ። የእኔ ደብተር በመጀመሪያው ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

5. ቋንቋውን ከአጋራችሁ ሌላ ሰው ያስተምራችሁ

እዚህ ላይ በርከት አድርጌ ልጻፍ፤ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና።

አብዛኛው ጥንዶች የተዋወቁት በሦስተኛ ቋንቋ ወይም በአንዳቸው ቋንቋ ነው። ፍቅሩ በዚያ ቋንቋ ሥር ሰድዷል። አሁን በሌላ ቋንቋ እናውራ ሲባል ያ የምታውቁት ሰው ይለወጥባችኋል። እናንተም እንደ ሕፃን ትኮላተፋላችሁ። ቁጡ ትሆናላችሁ፣ እሱም ማረም ይሰለቸዋል። ስለዚህ ክፍል ገብታችሁ ተማሩ። ብዙ አገሮች ለአዲስ መጤ ነፃ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ኮርስ አላቸው፤ ማዘጋጃ ቤት ወይም ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ክፍሉ ሌላም ጥቅም አለው። እንደ እናንተ በትዳር የመጡ ሰዎች እዚያ ታገኛላችሁ።

ጊዜ እንደሚፈጅ ግን ከወዲሁ እወቁ። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ያወጣው ግምት አለ። ስፓኒሽን ለመሰሉ ቋንቋዎች ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ አረብኛንና ጃፓንኛን ለመሰሉት ደግሞ 2200 ሰዓት። ያውም ሥራቸው መማር ብቻ ለሆነ ሰዎች ነው። እናንተ በስድስት ወር አልቻልኩም ብላችሁ ራሳችሁን ሰነፍ አትበሉ።

ከአጋራችሁ ጋር የምትለማመዱበትን ሰዓት ለዩት። እራት ላይ ግማሽ ሰዓት ይሁን። በዚያ ሰዓት በአገሩ ቋንቋ ብቻ፤ ከዚያ ውጪ እንደ ድሮው። ስትጣሉ ደግሞ ሁለታችሁም በደንብ በምትችሉት ቋንቋ ተጣሉ። በማትችሉት ቋንቋ የተጣላ ሰው ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ስልክ ነው፤ ፊት አይታይ፣ እጅ አይታይ። ከመደወላችሁ በፊት የምትሉትን ጻፉ። ስማችሁን፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ «እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» የሚለውን። ሐኪም ዘንድ አጋራችሁ አብሮ ቢገባም መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ፤ የጎደለውን እሱ ይሙላ። አስተርጓሚ የሚያቀርቡ ሆስፒታሎችም አሉ፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

6. ከአማቶች ጋር

የቤተሰብ ግብዣ ላይ ለሦስት ሰዓት ሳይገባችሁ ፈገግ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ሲስቁ በእኔ ይሆን እንዴ ትላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አጋራችሁ ሁሉን እንዲተረጉም አትጠብቁ፤ እሱም ከናፈቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ይልቅ በየመሃሉ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲነግራችሁ ተስማሙ። ሥራ ያዙ፦ ሳህን አቅርቡ፣ ከልጆች ጋር ተጫወቱ። ልጆች ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው፤ አያፍሩም፣ ሲሳሳቱም ሲያርሙም አይጨነቁም።

ቅሬታ ሲኖር ግን እያንዳንዱ ለራሱ ቤተሰብ ይናገር። ለእናቱ የሚነገረውን ልጇ ይንገራት። እናንተ በተሰባበረ ቋንቋ ብትሉት ካሰባችሁት በላይ ይጎረብጣል።

7. ሲከፋችሁ አገሩን እንጂ አጋራችሁን አትክሰሱ

አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ በ1954 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ለአንድ የሴቶች ክበብ ባደረገው ንግግር የባህል ድንጋጤ የሚባለውን ነገር ምልክቶች ዘርዝሮ ነበር። እጅን ከመጠን በላይ መታጠብ፣ ስለሚጠጣው ውሃና ስለ መኝታው መጨነቅ፣ ዓይን ተተክሎ መቅረት፣ በትንሽ መዘግየት መቆጣት፣ ቋንቋውን አልማርም ማለት። እኔ ይህን ሳነብ ግማሹ እኔ ነበርኩ። የኖርዌዩ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሊስጋርድ ደግሞ በ1955 ስሜቱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ መሃል ላይ ወርዶ፣ ኋላ እንደሚነሳ ጻፈ። ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ከመጀመሪያው ቀን የሚከፋውም አለ። ግን ከወራት በኋላ ድንገት ሁሉ ቢያስጠላችሁ ተሳስቼ ነው የመጣሁት ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ።

በዚህ ጊዜ አንድ ወጥመድ አለ። «ሰዎቻችሁ እኮ…» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። አየሩ፣ ወረፋው፣ የጎረቤቱ ፊት፣ ሁሉም በአጋራችሁ ይመካኛል። እሱም አገሩ ሲነካ ይከላከላል፤ ስለ ወረፋ የጀመረው ነገር የትዳር ጠብ ይሆናል። እሱም ደግሞ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» የሚል ሸክም ይዞ ነው የሚውለው። እኛ ቤት የሠራው መላ ይህ ነው፦ «አሁን መፍትሔ አልፈልግም፣ ስማኝ ብቻ» ብዬ እጀምራለሁ። አሥር ደቂቃ አማርራለሁ። ያልቃል።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ለሰው ተናገሩ።

8. የራሳችሁ ጓደኛ ፈልጉ

የአጋራችሁ ጓደኞች ደግ ቢሆኑም የእሱ ናቸው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር ወደ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ መሆን፣ ለቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚፈልግ ገምቷል። ስለዚህ አንዴ ቡና ጠጥታችሁ ስላልተቀራረባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በየሳምንቱ ያንኑ ሰው የምታገኙበት ነገር ያዙ፦ መዘምራን፣ ስፖርት፣ የእጅ ሥራ ክፍል፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ። የአገራችሁ ልጅ ካገኛችሁም እሰየው፤ ሳያስረዱ መሳቅ ያሳርፋል።

9. ሥራና ልጆች

ሕክምና፣ ሕግ፣ መምህርነትና የመሳሰሉት በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የማስረጃ ምዘናው ረጅም ስለሆነ በደረሳችሁ ሳምንት አመልክቱ። እስከዚያው የምታገኙት ሥራ ከሙያችሁ ዝቅ ቢል ቋንቋና ምስክር የሚሆን አለቃ ይሰጣችኋል።

ልጅ ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን በራሳችሁ ቋንቋ አናግሩት። ሌላም ጠንከር ያለ ነገር አለ። በ1980 የወጣው፣ ስለ ልጆች የሆነው ሌላ የሄግ ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች መካከል፣ አንድ ወላጅ ያለ ሌላው ፈቃድ ልጁን ከሚኖርበት አገር ይዞ ቢሄድ ልጁ እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ወላጅየዋ እናት ብትሆንም፣ የተመለሰችው ወደ ገዛ አገሯ ቢሆንም። ትዳሩ ቢናወጥ እንኳ ከመነሳታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

10. የመጀመሪያው ጉብኝት

አገራችሁን ለመጠየቅ ስትሄዱ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ለምን ያህል ጊዜ መውጣት እንደሚፈቅድና መቼ እንደሚያበቃ እዩ። የጎደለ ሰነድ ካለ በዚያው አስወጡ። አጋራችሁ አብሮ ከሄደ ቦታችሁ ይገለበጣል፤ አሁን እሱ ነው ሳይገባው ፈገግ ብሎ የሚቀመጠው። ሁሉን አታድርጉለት። በመጀመሪያው ጠዋት ብቻውን ሄዶ ዳቦ ይግዛ።