ከጎረቤት ግድግዳ ሥር መሠረት ስታወጡ

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ ኮሌጅ የሚሆን ሕንፃ ስንጀምር፣ ቀድሜ ያየሁት የጎረቤታችንን የእማማን ግድግዳ ነው። የነበረው ስንጥቅ ላይ ጀሶ ለጥፌ ቀን ጻፍኩበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ ቁፋሮው ወዲያው ይቁም።

የድሬ አሸዋ ይናዳል። ጠርዙን በአንዴ አትክፈቱት። 1 ሜትር ቆፍሩ፣ 2 ዝለሉ፣ ኮንክሪቱ ሲጠነክር ወደ ቀጣዩ እለፉ።

የዳር ኮለን (ምሰሶ) ፉቲንጉ (ከሥሩ ያለው የኮንክሪት መሠረት) ጫፍ ላይ ስለሚቆም ፉቲንጉ ያዘነብላል። ከውስጠኛው ፉቲንግ ጋር በወፍራም ቢም (አግዳሚ ኮንክሪት) እሰሩት። «ፌሮ በዛ» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ!

ሱቁ ብዙ ግድግዳ ስለሌለው መሬት ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በደረጃውና በሊፍቱ ዙሪያ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የኮንክሪት ግድግዳ አቁሙ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሕንፃው ይጠመዘዛል፤ በተቃራኒው በኩልም ጨምሩ።