ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ቤት ውስጥ ምን እናድርግ

ልጅ ሲያስቀምጠው ቤቱ ሁሉ የሚጨነቀው "ምን ሰጥተን እናቁምለት" በሚለው ነው። ልጁን የሚገድለው ግን ማስቀመጡ ሳይሆን አብሮ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፣ ህፃን ደግሞ ትንሽ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳን ሳይሞላ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ የወጣውን መተካት ነው፣ ተቅማጡ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይተዋል።

ፋርማሲ ወይ ጤና ኬላ ሄዳችሁ ኦአርኤስ ስጡን በሉ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው፣ ለምለም የሚሉትም አሉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ልክ አንድ ሊትር ንጹህ ዕቃ ውስጥ ገልብጡ፣ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ካለ ለመለኪያ በቂ ነው፣ ከዛ ፓኬቱን በሙሉ ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉት። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ፣ ለግማሽ ሊትር የሚሆንም ስላለ። "ይጠንክርለት" ብሎ ባንድ ብርጭቆ ውሃ ፓኬቱን ሙሉ የሚበጠብጥ ሰው አለ፣ እባካችሁ ይሄ አይደረግም፣ ጨው በዝቶበት ልጁን ይጎዳዋል፣ ውሃ ሲበዛበትም ጥቅሙ ይቀንሳል። ስኳር ወተት ለስላሳ ምናምን አይጨመርበትም። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል።

ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዛ በላይ ለሆነ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ስጡት። በማንኪያ በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ፣ በጡጦ ባይሆን ይሻላል ምክንያቱም ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ራሱ የጀርም መግቢያ ነው። ካስመለሰው "አልተስማማውም" ብላችሁ አትተዉት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁና ከበፊቱ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ፓኬቱ ከሌለ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው የተከመረ ሳይሆን የተስተካከለ ይሁን፣ ፓኬቱ እስኪገኝ ይይዝላችኋል።

ስኳሩ ለጣዕም አይደለም፣ አንጀት ጨውን ከስኳር ጋር ሲያገኘው ይስበዋል፣ ውሃው ደግሞ ጨውን ተከትሎ ይገባል፣ ባዶ ውሃ ብቻ መስጠት የማይበቃውም ለዚህ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዲሽ ጦርነት ሸሽተው ህንድ ድንበር የተጠለሉ ሰዎችን ኮሌራ ሲፈጃቸው በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይሄንኑ ውሃ በበርሜል አስበጥብጦ ቤተሰብ ራሱ እንዲያጠጣ አደረገ፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 በመቶ ግድም ወረደ። ይቺ ትንሽ ፓኬት ተራ ነገር ስትመስል ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው።

ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ይሰጣል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከዛ በታች 10፣ ለ10 ቀን። እንክብሉ በማንኪያ ውሃ ወይ በእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሶስተኛው ቀን ቢቆምም ጨርሱት፣ ቀጣይ ወራት ላይ ቶሎ እንዳይመለስበት ያግዛል።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ከወትሮው አብዝቶ ይጥባ፣ ምግብ የጀመረም ይብላ፣ ገንፎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ ጥሩ ነው፣ ማስራብ ያደክመዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

መድሃኒት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የልጅ ተቅማጥ ብዙው ከቫይረስ ነው፣ በተለይ ሮታ፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካውም። ሳይመረመር ፍላጅል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት ልማድ ሆኗል፣ የአዋቂ ማስቆሚያ እንደ ሎፔራማይድ ያለው ደግሞ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። "ጥርስ ሊያበቅል ነው" ብሎ መተውም ልክ አይደለም፣ በዚህ ሰዓት ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ነው ጀርም የሚገባው። ከሁሉ የሚከፋው ድዱን ቀዶ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ ነው፣ ተቅማጥና ትውከት ሲበዛ ዛሬም ልጅ ይዞ የሚሄድ አለ፣ ደም ይፈስሳል፣ ባልጸዳ ምላጭ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ተቅማጡ ግን ያለበት ነው። አያትም ብትሆን ያዘዘችው እምቢ በሉ፣ በአክብሮት።

ለቀጣዩ፣ የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፣ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት አፍ ላይ ጠብ የሚደረገው ነው፣ አታሳልፉት። ውሃ ማፍላት ወይ "ውሃ አጋር" በሚባለው የውሃ ማከሚያ ማከም፣ ልጅ ካጸዳዱ በኋላ በሳሙና መታጠብ።

አሁን መቼ ነው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያለብን? ሆዱ ላይ በእምብርቱና በጎኑ መሃል ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ጤነኛ ልጅ ላይ ወዲያው ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አጥሮታል፣ ከ2 ሰከንድ በላይ ተጨብጦ ከቆየ በጣም ደርቋል። አይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰመጠ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ሲነኩት ካልነቃ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ የሩዝ ውሃ መስሎ ከወረደ፣ ወይ 14 ቀን ካለፈው፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። መንገድ ላይ ራሱን አውቆ መዋጥ ከቻለ ኦአርኤሱን ይዛችሁ በማንኪያ እያጠጣችሁት ሂዱ፣ ጡትም አይቋረጥ።