ደጋግሞ የሚረግፈው ኮለን

ነገሩ የሆነው ሐዋሳ በምንኖርበት ቤት ነው። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከዚያ ሽፋኑ እየረገፈ የዛገ ፌሮ (በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) ብቅ አለ።

መጀመሪያ በሲሚንቶና በአሸዋ ለሰንነው። ወር ሳይሞላው ወደቀ። ቀጥሎ የፌሮውን ፊት ፍቀን፣ ጸረ ዝገት ቀብተን እንደገና ለሰንን። ስንጥቁ እዚያው ቦታ ተመልሶ መጣ።

ነገሩ የገባን ኮለኑን በመዶሻ ቀስ እያደረግን ስንመታው ነው። ደህና የሚመስለው ቦታ ሁሉ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ኮንክሪቱን ከውስጥ የሚገፋው እሱ ነው። እኛ ፊቱን ስናጸዳ ጀርባው መዛጉን ቀጥሏል።

መሐንዲስ ጠርተን፣ በእሱ ስሌት ኮለኑ የተሸከመውን ቢም (አግዳሚ) በፑንቴሎ (በመደገፊያ ቋሚ) ደገፍን። ይህን ሳታደርጉ ኮለን እንዳትነኩ፣ አደራ! ከዚያ ከፌሮው ጀርባ ጣት እስኪገባ፣ 2 ሳንቲም ያህል በመሮ ፈለፈልን። ፌሮውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ ፈገፈግነው። በካሊፐር ስንለካው 14 ሚሊሜትር የነበረው 11 ደርሷል። ፌሮው ቢቆረጥ ከሚታየው ክብ ፊት ስፋት ከሲሶ በላይ ተበልቷል ማለት ነው። አጠገቡ አዲስ ባለ 14 ፌሮ አሰርን፤ አዲሱና አሮጌው ፌሮ ጎን ለጎን የሚደራረቡበትን ርዝመት መሐንዲሱ አስልቶ ሰጠን። የተበጠሱትን ስታፋዎችም (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፉ ቀጫጭን ብረቶች) ቀየርን።

አሮጌውን ኮንክሪት በደንብ አርሰን፣ ላዩ ላይ የተኛው ውሃ ሲመጠጥ፣ ፎርም (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ገጥመን ደቃቅ ጠጠር ያለው ኮንክሪት ሞላን። ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ ጠቀለልንበት። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧም ቀየርነው።

ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን በመዶሻ ስመታው ድምፁ ድፍን ነው።