ስኮን ሲጋገርና ሲቀርብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኮን እርሾ የማይገባበት፣ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው። እንግሊዞች ለሁለት ከፍለው ማርማላታና ወፍራም ክሬም ይቀቡበታል፤ ከሻይ ጋር ሲቀርብ «ክሪም ቲ» ይሉታል። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ሁለት የማያልቅ ክርክር አስነስቷል፦ ስሙ እንዴት ይጠራ? ከማርማላታውና ከክሬሙስ የትኛው ይቅደም? ሰው በእነዚህ ሲከራከር ይውላል እንጂ ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ሊጡ ላይ ነው። ለማንኛውም ከክርክሩ እንጀምር።

የሰው አጠራር ማረም

በብሪታንያ ሁለት አጠራር አለ። አንዱ አጭሩ «ስኮን» ነው፤ ሌላው መጨረሻው ሳብ የሚለው «ስኮውን»። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይቀበላል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎች በስልክ መተግበሪያ መረጃ ሰብስበው በሠሩት ካርታ ላይ ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ አጭሩን ይዘዋል፤ የእንግሊዝ መሀል አገርና የአየርላንድ ደቡብ ወደ «ስኮውን» ያደላሉ፤ ደቡብ እንግሊዝ ድብልቅ ነው። ስለዚህ አስተናጋጇ እርስዎ ካሉት በተለየ አጠራር ብትደግምልዎት እያረመችዎ አይደለም፣ የአገሯን ነው የተናገረችው። አንዱን የጨዋ፣ ሌላውን የተራ ሰው አጠራር ማድረግም አያዋጣም፤ የትኛው የጨዋ እንደሆነ እነሱም አልተስማሙ። «እስኮን» ብለው ቢያዝዙም ሻዩ ይመጣል።

አንድ አጠራር ግን በእርግጥ ስህተት ነው፦ «ስኩን»። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ አንድ ቢሆንም ስኩን በፐርዝ ከተማ አጠገብ ያለ የስኮትላንድ መንደር ነው። የስኮትላንድ ነገሥታት ሲነግሡበት የኖረው ድንጋይ የዚያ ነው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወሰደው፣ በ1996 ተመለሰ፣ ከ2024 ጀምሮ በፐርዝ ሙዚየም ይታያል። ካፌ ገብተው «ስኩን ከማርማላታ ጋር» ካሉ የጠየቁት ድንጋዩን ነው።

የት እንዳሉ ሳያዩ መቀባት

ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ ዴቨንና ኮርንዎል ጎን ለጎን ያሉ አውራጃዎች ናቸው። ዴቨን ላይ ክሬሙ ይቀድማል፤ በቅቤ ቦታ የገባ ነው፣ ቅቤ ደግሞ ከማርማላታ በታች ነው የሚቀባው ይላሉ። ኮርንዎል ላይ ማርማላታው ይቀድማል፤ ክሬሙ የምግቡ ጌጥ ስለሆነ ከላይ ይታይ ባዮች ናቸው። ቀልድ ነው፤ ግን የባሕር ማዶ ሰው እንደሚገምተው ብቻም አይደለም። በ2018 ኮርንዎል የሚገኘው ላንሃይድሮክ የተባለ፣ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው ጥንታዊ ቤት ለእናቶች ቀን ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ክሬሙ ከታች፣ ማርማላታው ከላይ የሆነበት ፎቶ ለጠፈ። የአካባቢው ሰው ተንጫጫ፤ አባልነቴን እሰርዛለሁ ያለም ነበር፤ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ።

ከሁለቱ አውራጃዎች ውጭ ከሆኑ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ማርማላታውን ያስቀድሙ፤ ክሬሙ ትኩስ ዳቦ ላይ በቀጥታ ካረፈ ይቀልጥና ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚቀርልዎ ቅባት የጠጣ ዳቦ ነው። ከቀዘቀዘ ክሬሙ ቢቀድም ይሻላል፤ ጠንከር ያለ መደብ ስለሚሆን ማርማላታው አይንሸራተትም። በእኛ ግምት ዴቨኖች በክርክሩ፣ ኮርንዎሎች በትኩሱ ስኮን ያሸንፋሉ።

በቢላ መቁረጥ፣ መልሶ መክደን

በደንብ የተነፋ ስኮን ወገቡ ላይ ስንጥቅ አለው። እዚያ ላይ በእጅ ይከፈላል፤ ቢላ ውስጡን ይጨፈልቀዋል። ከተቀባ በኋላ እንደ ሳንዱች መልሰው አይግጠሙት፤ ሲገምጡት ክሬሙ በጎን ይወጣል። ግማሹ ለብቻው፣ ክፍት እንደሆነ ይበላል።

የተመታ ክሬም ማቅረብ

ለዚህ የሚሆነው ክሬም «ክሎትድ ክሬም» ነው። በአረፋ የተሞላው የኬክ ክሬም ማርማላታውን መሸከም አይችልም። ከ1998 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀው የኮርንዎሉ ክሬም ቢያንስ 55 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል፤ ላዩ ወርቃማ ቅርፊት ይዟል። ከእኛ አገር የሚቀርበው በዝግታ ከፈላ ወተት ላይ የሚነሳው ስልባቦት ነው፤ አሠራሩም ዘመድ ነው።

እቤት ለመሥራት ስቡ ከ35 በመቶ ያላነሰ ክሬም ሰፊና ጎድጓዳ ባልሆነ ሳህን ያፍስሱ፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በ80 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሳያማስሉ ይተዉት። ካወጡት በኋላ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይደር፤ ጠዋት ላዩን በማንኪያ ያነሱታል፣ ከታች የቀረው ፈሳሽ ለሊጡ ይሆናል። ብዙ ወር የሚቆየው የካርቶን ክሬም ግን በደንብ አይረጋም፤ ያንን ይዘው ሌሊቱን ኤሌክትሪክ አያባክኑ።

ንጥር ቅቤ መጠቀም

መጠኑ ይህ ነው፦ 225 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 55 ግራም ቅቤ፣ 25 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት። ቅቤው ጨውም ቅመምም የሌለው የገበታ ቅቤ፣ ከፍሪጅ የወጣ ይሁን። በጣትዎ ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ፍርፋሪ እስኪመስል ይፈርፍሩት፤ በመዳፍ ከሆነ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ቀዝቃዛው ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃ ኦቨን ውስጥ ተንኖ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋል። ንጥር ቅቤ ውሃው ስላለቀ ይህን አይሠራም፤ ኮረሪማው ደግሞ ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር አይስማማም።

ወተቱን በአሬራ መተካት ይቻላል፤ የሚለወጠው የሚነፋው ነገር ነው። በአሬራ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩን ትተው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያድርጉ፤ ሶዳውን የሚያነሳው ኮምጣጣው ነው። ሶዳን ባልኮመጠጠ ወተት የጋገረ ሰው ቢጫ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ስኮን ያወጣል። አሬራው በወይራ ከታጠነ ዕቃ የመጣ ከሆነ ጢሱ ማርማላታውን ይውጠዋል።

ሊጡን እንደ ዳቦ ማሸት

በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። የእንግዳ ዳቦ ያቦካ እጅ ሊጥ ሲያገኝ ካላሸ አያርፍም። ስኮን ግን በታሸ ቁጥር ግሉተኑ፣ ማለትም ሊጡን የሚያለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን፣ ይጠነክራል፣ ሲጋገር ጎማ ይሆናል። ወተቱን ከጨመሩ በኋላ በቢላ ጀርባ አሰባስበው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አጠፍ አጠፍ አድርገው ያቁሙ። ላዩ ሻካራ፣ ትንሽ እጅ የሚይዝ መሆን አለበት፤ እንደዚያ ካልሆነ ዱቄት በዝቷል።

አሳስቶ መዳመጥ፣ ሲቆርጡ ማዞር

ውፍረቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። አንድ ሴንቲ ሜትር አድርገው ዳምጠው «ኦቨን ውስጥ ይነፋል» ማለት ከንቱ ተስፋ ነው። ሲቆርጡ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስለት ያለው ክብ ማውጫ ዱቄት ያስነኩና ቀጥ አድርገው ይጫኑ። ማዞር ጠርዙን ይለጥፈዋል፤ ያን ጊዜ ስኮኑ በአንድ ጎን ብቻ ይነሳና ይጋደላል። የብርጭቆ አፍም ደነዝ ስለሆነ ያንኑ ያመጣል። ማውጫ ከሌለ በስል ቢላ አራት ማዕዘን ይቁረጡ፤ ቁራጭ የሚጣል ሊጥም አይኖርም። እንቁላል ወይም ወተት ላዩን ብቻ ይቅቡ፤ ወደ ጎን ከወረደ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። አስቀድሞ በጋለ 220 ዲግሪ ኦቨን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት

ከላይ ያለው መጠን የባሕር ጠለል አገር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጋዙ በፍጥነት ይለጠጣል፤ ስኮኑ ገና ሳይጸና ተነፍቶ መልሶ ይረግባል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ቤኪንግ ፓውደሩን ከ3 ወደ 2 የሻይ ማንኪያ ይቀንሱ፣ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ።

«ሃይ ቲ» ብሎ መጥራት

ስሙ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ሃይ ቲ ግን ሠራተኛው ከሥራ ሲመለስ ከሻይ ጋር የሚበላው ጠንካራ የማታ ምግብ ነበር። በባለ ፎቅ ሳህን ሳንዱች፣ ስኮንና ኬክ የሚደረደርበት «አፍተርኑን ቲ» ነው። ሁለት ስኮን፣ ክሬም፣ ማርማላታና ሻይ ብቻ ከሆነ «ክሪም ቲ» ይበሉት።

ለነገ ማስቀመጥ

ስኮን የዕለቱ ነው፤ ሲያድር ይደርቃል። የተረፈውን ስኮን ክሬም ሳይነካው በዚያው ቀን ፍሪዘር ያስገቡት። ሲፈልጉት በክፍሉ ሙቀት ከቀለጠ በኋላ በ160 ዲግሪ ኦቨን ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያሙቁት፤ ማይክሮዌቭ ውስጡን ያላቁጠዋል።